የራዲያተር ክዳን በትኩሱ አይከፈት፣ ኮፈን ግን በየሳምንቱ ይከፈት

ክቡር አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በመኪና ጥገና ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ ነን። ስለ ነዳጅ ዋጋ፣ ስለ መለዋወጫ ውድነትና ስለ ትራፊክ አደጋ ብዙ ይጻፋል። አሽከርካሪው በገዛ እጁ፣ በአሥር ደቂቃ፣ ያለ መካኒክ ሊያየው ስለሚችለው ነገር ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። በከተማችን ሁለት ልማድ ሰፍኗል። አንደኛው ኮፈን ፈጽሞ አለመክፈት ነው፤ መኪናው እስከሄደ ድረስ ደህና ነው ይባላል። ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ብቻ፣ በድንጋጤ፣ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ኮፈኑን ከፍቶ ከራዲያተር ክዳን ጋር መታገል ነው። የመጀመሪያው ሞተር ይጨርሳል፣ ሁለተኛው ሰው ያቃጥላል። ኮፈኑ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቢከፈት ሁለቱም ጉዳት በአብዛኛው ይቀራል።

ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው ክዳኑ ላይ ነውና ከእሱ እንጀምር። የራዲያተር ክዳን እንደ ጀሪካን ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ የተሠራ አይደለም። በውስጡ ስፕሪንግ አለው፤ ሥራውም የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ በግፊት አፍኖ ማቆየት ነው። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ የሚይዘው ግፊት በባር ተለክቶ ነው። ውሃ በግፊት ሲታፈን ዘግይቶ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የአብዛኞቹ ሞተሮች ጤናማ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ያለው መኪና፣ ሌላው ነገር ሁሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በተለመደው ሙቀቱ ላይ ውሃው ሊፈላ ይችላል። 1.1 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ካለው ግን ንጹህ ውሃ እንኳ በዚሁ ከፍታ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ተብሎ ራዲያተር ከመውረዱ በፊት ክዳኑ ይታይ፤ ከማቀዝቀዣው ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ሲለወጥም ቁጥሩ ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን። 0.9 የሚፈልግ ያረጀ መኪና ላይ ከፍ ያለ ክዳን መግጠም የደከመ ቱቦ ወይም የራዲያተሩን የፕላስቲክ ጫፍ ያፈነዳል።

ክዳኑን በትኩሱ መክፈት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ግፊት ምክንያት ነው። 110 ዲግሪ ላይ ታፍኖ ያለ ውሃ ክዳኑ ሲላቀቅ በቅጽበት ይፈላል፤ ወደ እንፋሎት የተለወጠውም መጠኑ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የሚከፍተው ሰው ደግሞ አጎንብሷል፤ የሚቃጠለው ፊቱ፣ አንገቱና ክንዱ ነው። ስለዚህ መኪናው ግሎ ከቆመ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ድረስ ክዳኑ አይነካ። ከዚያም ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ይዘው ጫን ይበሉት። ጠንክሮ መልሶ የሚገፋ ከሆነ ግፊቱ ገና አልወጣም፤ ጊዜ ይስጡት። ለስለስ ብሎ ከተጫነና ለብ ያለ ከሆነ ፊትን ወደ ጎን አዙረው፣ ክዳኑን በታጠፈ ፎጣ ሸፍነው፣ ሳይጫኑት ወደ ግራ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ድረስ ብቻ ያዙሩት። የፉጨት ድምፅ ካለ ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ነው ተጭኖ አዙሮ ማንሳት።

በራዲያተሩ ላይ ክዳን ሳይኖራቸው በጎን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ብቻ ክዳን ያላቸው መኪኖችም አሉ፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች እንዲህ ናቸው። ያ ዕቃ ራሱ ግፊት ስላለበት «ፕላስቲክ ነው፣ ምን ያመጣል» ተብሎ በትኩሱ አይከፈትም።

ቃጠሎ ከደረሰ የመጀመሪያው መድኃኒት የቧንቧ ውሃ ነው፤ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት አይደረግበት። ቀለበትና ሰዓት ቦታው ከማበጡ በፊት ይውለቅ። ፊትና ዓይን የተነካ ሰው ቤት ሊቆይ አይገባም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይጠራል።

መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ በቅድሚያ ኤር ኮንዲሽነሩን ማጥፋት፣ የውስጥ ማሞቂያውን በሙሉ ሙቀትና በሙሉ ንፋስ መክፈት ነው። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ ላብ ያመጣል፣ ሞተር ያድናል። መርፌው ከወረደ በዝግታ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ካልወረደ፣ ወይም ከኮፈኑ ዳር እንፋሎት ከታየ፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት እንጂ «ዳገቱን ልጨርስ» ማለት አያዋጣም። እንፋሎቱ እስኪቆም ኮፈኑ ራሱ አይከፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማርከፍከፍ ወይም ባዶ ወደሆነው ራዲያተር በአንድ ጊዜ መገልበጥ በብዙ መኪኖች ላይ ከአሉሚኒየም የተሠራውን ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ያጣምመዋል፣ ሲከፋም ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ቴስታታ ማውረድ፣ ገጹን ማስላግና (ማስተካከልና) በሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ መለወጥ ነው።

አሁን ወደ ጠዋቱ ሥራ እንሂድ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ፒ ላይ ወይም በማኑዋል ከሆነ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ቁልፉ ከመኪናው ወጥቶ ኪስ ይግባ። ቁልፉን የምናስወጣው አለምክንያት አይደለም፤ በአንዳንድ መኪኖች የራዲያተሩ ቬንትሌተር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተሩ ጠፍቶም ድንገት ሊነሳ ይችላል። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ መንቀሉም ዋስትና አይሆንምና እጅ ወደ ቬንትሌተሩ አይጠጋ። ነጠላና ሻርፕ ይቀመጥ፣ ረጅም ፀጉር ይታሰር፣ የከረባት ጫፍ ወደ ሸሚዝ ይግባ። ቀለበት፣ አምባርና የብረት ሰዓት ይውለቁ፤ በባትሪው ፖዘቲቭና በመኪናው ብረት መካከል የገባ ቀለበት በሰከንድ ውስጥ ፍም ሆኖ ጣት ያቃጥላል። የኮፈኑ መደገፊያ ዘንግ በትክክለኛው ቀዳዳ መግባቱን ሳያረጋግጡ ጭንቅላት ወደ ውስጥ አይገባም።

የውሃውን ልክ ለማየት ክዳን መክፈት እንኳ አያስፈልግም፤ በፕላስቲኩ መጠባበቂያ ላይ በታችኛውና በላይኛው መስመር መካከል መሆኑን ከውጭ ማየት ይበቃል። መጠባበቂያው ግፊት በሌለበት እንደ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ባለ መኪና ላይ ግን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ በቀዝቃዛ ሞተር፣ የራዲያተሩንም ክዳን ከፍቶ አፉ ድረስ ሙሉ መሆኑን ማየት ይገባል። ክዳኑ ወይም ወደ መጠባበቂያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ አየር ካስገባች መጠባበቂያው ሙሉ መስሎ ራዲያተሩ ጎዶሎ ሊሆን ይችላልና። ልብ በሉ፦ ሞተሩ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አይበላም፣ አይጠጣም። በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ የሚሄድበት ቦታ አለ። የቱቦዎቹ ማሰሪያ ላይ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ክር የመሰለ ደረቅ ምልክት ይፈልጉ፤ ከውሃ ፖምፓው ሥር ነጠብጣብ ይፈልጉ፤ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ እርጥብ መሆኑን ይዳስሱ፤ እሱ የማሞቂያውን ራዲያተር ያመለክታል። ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከጣፋጭ ሽታ ጋር ከወጣ የቴስታታው ጋስኬት ይጠረጠራል።

ውሃ ወይስ ኩላንት (ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚለው ክርክር በየሰፈሩ አለ። «በረዶ በሌለበት አገር ምን ያደርጋል?» ይባላል። ከመቀዝቀዝ መከላከል ከሥራው አንዱ ብቻ ነው። ኩላንት ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከዝገት ይጠብቃል፣ የፖምፓውን ማሸጊያ ያለሰልሳል፣ መፍያ ነጥቡንም ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ግን የማንቆርቆሪያችንን ውስጥ ነጭ የሚያደርገውን ኖራ በራዲያተሩ ቀጫጭን መስመሮች ውስጥ ይተዋል። ጥሬ ኩላንት ከተገዛ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ በቆርቆሮው ላይ «ተዘጋጅቷል» የሚል ካለ ግን ሌላ ውሃ አይጨመርበትም። ቀለም አያታልላችሁ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ የሚለው የአምራቹ ምርጫ ነው፣ የዓይነቱ ማረጋገጫ አይደለም። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ የሚዘቅጥ ጭቃ ይሠራሉ። መንገድ ላይ ሌላ ከጠፋ ንጹህ ውሃ መጨመር ነውር የለውም፤ ሞተር ከማቃጠል ይሻላል፣ ግን በቀጣዩ ሳምንት ይስተካከል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ኩላንት በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። በውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው፤ ጥቂቱ ልጅ ይገድላል። ውሻም ይልሰዋል። የተረፈው በራሱ ዕቃ ተከድኖ ከልጅ እጅ ይራቅ፣ የፈሰሰውም በውሃ ይታጠብ። የባትሪ አሲድና የፍሬን ዘይትም እንዲሁ በመጠጥ ጠርሙስ አይኑሩ።

ወደ ሞተር ዘይት እንለፍ። ዳገታማ ሰፈር ለሚኖር ሰው ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ሆኖም አጋድሎ በቆመ መኪና ላይ የሚታይ የዘይት ልክ ልክ አይደለም። ጠዋት ሳይነሳ መለካት ይመረጣል፤ ከጉዞ በኋላ ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው። መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ይክተቱ፣ እንደገና ያውጡ። በመጀመሪያው መውጣት የታየውን አይመኑ፤ በጉዞ የተረጨ ነው። ሁለቱንም ጎን ይዩና ዝቅ ያለውን ይቀበሉ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ላይ ያለ ሰው ሙሉ ሊትር ካንቆረቆረ አልፏል። ሩብ ሊትር ጨምሮ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ዳግም መለካት ነው። ዘይት ሲበዛ የሞተሩ ዘንግ እየመታው አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም፤ ትርፉም በማሸጊያዎቹ ይወጣል። «ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው አባባል ስህተት ነው።

መጥቆር ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ በተለይ የናፍታ ሞተር ዘይት በተለወጠ ማግስት ይጠቁራል። በጣት መካከል ሲሹት የሚቆረቁር ነገር ካለ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ልኩ ሳይጨመር ከፍ ካለ ወደ ጋራዥ መሄድ ነው። በመለኪያው ላይ ነጣ ያለ ቡናማ አረፋ ከታየ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ሞተሩ አይነሳ፣ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ግን ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ጥቂት እንዲህ ያለ አረፋ በጤዛ ብቻ ሊሠራ ይችላል። መለኪያው ንጹህ ሆኖ ኩላንቱም ካልጎደለ አያስደነግጥ፤ አንድ ረጅም ጉዞ ያጠፋዋል። ውፍረቱን የሚያሳየው የዘይቱ ቁጥር፣ 5ደብልዩ-30 ይሁን 20ደብልዩ-50፣ የመኪናው መመሪያ የሚለው ይሁን። ቀጭን ዘይት የሚፈልግ አዲስ ሞተር ላይ ወፍራሙን መሙላት ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ ላይኛው ክፍል ድረስ ቶሎ እንዳይደርስ ያደርጋል። ጨርቁንም አይርሱት፤ ጭስ ማውጫው ላይ የተረሳ ዘይት የነካው ጨርቅ እሳት ያስነሳል።

የፍሬን ዘይት ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም እሱ ሲበላሽ የሚቆመው ሞተሩ አይደለም፣ የማይቆመው መኪናው ነው። ልኩ በፕላስቲኩ ውስጥ ከውጭ ይታያል፤ ያለ ጉዳይ አይከፈት፣ ከአየር እርጥበት ይስባልና። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ ዝቅተኛው 140 ይሆናል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ የተለኩ ናቸው። አሁን ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ያስቡ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተወርዶ ወደ ደጀን መልሶ የሚወጣ ነው። ፍሬን ላይ ተቀምጦ የሚወርድ ሰው ያረጀ ዘይት ካለው ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስለወጥ፣ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ። ልኩ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ከወረደ ሸራው እያለቀ ነው፤ ሸራው ይታይ እንጂ ዝም ብሎ አይሞላ። በአንድ ቀን ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ መኪናው አይንቀሳቀስ። ማንኛውንም ሌላ ዘይት፣ የሞተርም ይሁን የመሪ፣ እዚያ ውስጥ ጠብታ እንኳ መጨመር በመስመሩ ያሉትን ጎማዎች ሁሉ ያሳብጣል፤ ያኔ የሚለወጠው አንድ ዕቃ ብቻ አይሆንም። ዶት 5 የሚባለው ደግሞ ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3ና 4 ጋር አይቀላቀልም። ከተከፈተ ብዙ የቆየ ቆርቆሮ አይገዛ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጣል፤ ወዲያው በውሃ መታጠብ አለበት።

ባትሪው አጠገብ ክብሪትና ላይተር አይለኮስ፣ ሲጋራም አይጨስ፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፣ ይፈነዳል። ለማየት የስልክ መብራት ይበቃል። በፖሎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መቦረሽ ነው፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። ሽቦ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ቁልፋችሁ ሳያስቡት የመኪናውን ብረት ቢነካ ምንም አይሆንም፣ ካልተፈታ ግን ያቀጣጥላል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ የተጣራ ውሃ ብቻ፣ ሳህኖቹን በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ እስኪሸፍን ይጨመር። አሲድ አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ እየታጠበ ወደ ሐኪም ይኬዳል። መለኪያ ያለው ሰው መኪናው አድሮ 12.6 ቮልት ካገኘ ባትሪው ሙሉ ነው፣ 12.0 ካገኘ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልደረሰ የሚታየው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እንጂ ባትሪው አይደለም፤ በዚህ ስህተት ደህና ባትሪ ብዙ ተጥሏል። ከሌላ መኪና ሲያስነሱም ቀዩ ከቀይ ጋር ይያያዛል፤ የጥቁሩ የመጨረሻ ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይታሰር፣ ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ።

ቺንጊያው (በሞተሩ ፊት የሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ) ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ ይነካል። በረጅሙ ክፍል መሀል በአውራ ጣት ጫን ሲሉት በተለመደው ባለ ቪ ቺንጊያ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይርገብ። ጎኑ የተሰነጠቀ፣ የሚያብለጨልጭ ወይም ዘይት የነካው ይለወጥ። በሽፋን ውስጥ ሆኖ የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስተካክለው የታይሚንግ ቺንጊያ ግን ከውጭ አይታይም። በብዙ ሚኒባሶች ላይ ያለው 5ኤል የናፍታ ሞተር እንዲህ ያለ ቺንጊያ አለው፤ በ100,000 ኪሎሜትር ይለወጣል፣ ከተበጠሰም ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ካላገኘ እንዳልተለወጠ ይቁጠረው።

የአየር ፊልትሮ በበጋ አቧራ፣ በተለይ መንገድ በሚሠራበት ሰፈር፣ በየወሩ ይታይ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የተደፈነ ፊልትሮ ጉልበት ይወስዳል። ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ማስነፋት ልማድ ነው፤ ሆኖም የጎማ መንፊያው ኃይል ወረቀቱን ይበሳል፣ ቀዳዳው ለዓይን ባይታይም አቧራ ወደ ሲሊንደር ያሳልፋል። ማስነፋት ካስፈለገ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከራቅ ብሎ። በውሃ አይታጠብ።

የናፍታ መኪና ያላችሁ፣ በነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለችውን መክፈቻ በወር አንድ ጊዜ ጥቂት አላልታችሁ፣ ዕቃ ደግናችሁ፣ በእጅ ፓምፑ እየገፋችሁ ንጹህ ናፍታ እስኪመጣ ድረስ ውሃውን አስወጡ። ናፍታውን በእጅግ ከፍተኛ ግፊት በሚረጩት አዳዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ላይ ግን ናፍታ የሚያፈስ ቦታን በጣት መፈለግ ፈጽሞ ክልክል ነው። ዓይን የማያየው ቀጭን ጨረር ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ጉዳቱ ትንሽ ቀዳዳ ይመስላል፣ እጅ ግን ያስቆርጣል። ሞተሩ ይጥፋና መካኒክ ይጠራ።

ኮፈኑ ሲዘጋ በእጅ መዳፍ መሀሉን መጫን ያጎደጉደዋል፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ መልቀቅ ይበቃል፣ ከዚያ ጫፉን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ሁለቱም መቆለፊያ መያዙን ማየት። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ብድግ ያለ ኮፈን መስታወቱን ይሸፍናል።

ላቫጆ ቤቶችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ሞተር በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ፣ ያውም ከመንገድ በገባበት ትኩሳት፣ ውሃን ወደ ካንዴላ ጉድጓድ፣ ወደ ዲናሞና ወደ ሽቦ ማገናኛዎች ያስገባል፤ መኪናው በማግስቱ «ይንገጫገጫል» ተብሎ ይመጣል። በጨርቅና በብሩሽ ማጽዳት ይበቃል። ደንበኛውም «ሞተሩንም ምታልኝ» ከማለት ይታቀብ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ያሉት የቤንዚን መኪኖችም ከበፊቱ ረዘም ላለ ዘመን ማገልገል ይኖርባቸዋል። «የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት የለውም፣ ኮፈኑ አይከፈትም» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። የፍሬን ዘይት፣ የመስታወት ውሃ፣ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪና በብዙዎቹ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለው። ፈሳሹ በአንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት ስለሆነ በቧንቧ ውሃ አይሞላም። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ሁሉ አለመንካት ነው፤ በውስጡ ያለው 300፣ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። መኪናው ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ብሎ መገመትም አይቻልም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዝግጁነት መብራት መጥፋቱን አይቶ፣ ቁልፉን አርቆ፣ ከቻርጀር ነቅሎ ነው ኮፈን መክፈት።

በመጨረሻ ጥያቄያችን ለአሽከርካሪ ማሰልጠኛ ተቋማትና መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል ነው። ቦሎ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በመካከል መኪናውን የሚያየው አሽከርካሪው ብቻ ነው። ስለዚህ የቴክኒክ ትምህርቱ በሥዕል ከሚቀር፣ ተመዛኙ በእውነተኛ መኪና ላይ ኮፈን ከፍቶ፣ ዘንጉን ደግፎ፣ ዘይት ለክቶ፣ የፍሬኑንና የኩላንቱን ልክ አሳይቶ፣ በጋለ ሞተር ላይ የትኛውን ክዳን እንደማይነካ ተናግሮ እንዲያልፍ ይደረግ። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፣ የሚያስፈልገውም አንድ መኪና፣ አንድ ጨርቅና አንድ ፈታኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በመኪና ጥገና ሙያ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ